ፓርቲሽኑ ከሬይዱ ሥር ይሁን ወይስ ላዩ ላይ? ለትንንሽ የሊኑክስ ሰርቨሮች የንጽጽር መመሪያ

ደሴ ፒያሳ ያለ ፎቶ ቤት፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ የጅምላ መደብር፣ ኮምቦልቻ ያለ ክሊኒክ። ዛሬ ብዙዎቹ ጋ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ «ማንም እንዳይነካው» የተባለ አንድ ኮምፒውተር አይጠፋም። «ሰርቨሩ» ይሉታል። ውስጡ ሁለት ዲስክ አለ። ሊኑክስ ሁለቱን በሶፍትዌር ሬይድ1፣ ማለትም ያንኑ ዳታ በሁለቱም ላይ በሚጽፍ ዘዴ፣ አጣምሮ እንደ አንድ ያያቸዋል። አንዱ ቢሞት ሥራ አይቆምም። እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነው።

ጣጣው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ማሽኑ ይነሳል። ሬይዱ ተገጣጥሟል፤ ኤምዲ0 (ሊኑክስ ለተጣመሩት ዲስኮች የሚሰጠው ስም) በቦታው አለ። ላዩ ላይ የተከፈሉት ፓርቲሽኖች (የዲስክ ክፍሎች)፣ ኤምዲ0ፒ1 እና ኤምዲ0ፒ2፣ ግን የሉም። ሲስተሙ የሚነሳበትን ፓርቲሽን አጥቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሟል። ስክሪኑ ፊት ያለችው ደግሞ ሰርቨሩን የሠራው ባለሙያ ሳይሆን ገንዘብ ተቀባይዋ ናት። ባለሙያው በዚያ ሰዓት ሐረጎን እየወረደ ሊሆን ይችላል።

ይህ ነገር የሚወሰነው ሲስተሙ በተጫነበት ቀን ነው። ስለዚህ አቋሜን ከፊት ልናገር። ሁለት ዲስክ ላለው፣ ከእነዚያው ዲስኮች ለሚነሳ ማሽን፣ መጀመሪያ ዲስኮቹን በፓርቲሽን ክፈሉ። ሬይዱን በፓርቲሽኖቹ ላይ ሥሩ። ከዚያ በላይ መከፋፈል ካስፈለገ ኤልቪኤም የሚባል የዲስክ ቦታ ማከፋፈያ አለ። ሙሉውን ዲስክ ሬይድ አድርጎ ላዩን በፓርቲሽን መክፈልም ቦታ አለው፤ ቦታው ግን የሚነሳ ዲስክ አይደለም።

ከርነሉ ፓርቲሽን የሚያየው መቼ ነው?

ተራ ዲስክ ሲገኝ ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ የፓርቲሽን ሰንጠረዡን (ክፍሎቹ የት ተጀምረው የት እንደሚያልቁ የተጻፈበትን) ወዲያው ያነባል። ዲስኩ ሲመዘገብ መጠኑ ይታወቃል፣ ሰንጠረዡም እዚያው አለ። የመጀመሪያውን ዲስክ ክፍሎች ኤስዲኤ1፣ ኤስዲኤ2 ብሎ ይደረድራል፤ አለቀ።

የሬይድ መሣሪያ እንዲህ አይደለም። ኤምዲ0 መጀመሪያ ሲመዘገብ ስሙ ብቻ ነው ያለው፤ መጠኑ ዜሮ ነው። አባል ዲስኮቹ የሚገቡትና ሬይዱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በምዝገባው ሰዓት የሚነበብ ሰንጠረዥ የለም። ሬይዱ ሲጀምር ከርነሉ «ሰንጠረዡ ገና አልተነበበም» የሚል ምልክት ይይዛል። ንባቡ የሚፈጸመው ግን አንድ ፕሮግራም መሣሪያውን ሲከፍተው ነው። የከፈተው ከሌለ ፓርቲሽኖቹም የሉም።

በዛሬ ሲስተም የሚከፍት ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ሬይዱን የሚገጣጥመው ኤምዲአድም አለ፤ መሣሪያዎችን የሚከታተለው ዩዴቭም ምን እንደያዘ ለማየት ጎራ ይላል። ሳታውቁት ያልፋል። የተቆራረጠ ወይም በእጅ የተሠራ ኢኒትራምኤፍኤስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫን ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም) ሲሆን፣ ወይም ዩዴቭ የሌለበት ትንሽ ሲስተም ሲሆን ግን ቀዳዳው ይታያል። ምልክቱ ያስቃል። «ምን ጎደለ?» ብላችሁ የፓርቲሽን ማያና ማረሚያውን ኤፍዲስክን ስትከፍቱ ፓርቲሽኖቹ ድንገት ብቅ ይላሉ። ኤፍዲስክ ምንም አልጠገነም። መሣሪያውን ከፈተው፣ በቃ።

የታሪኩን ጫፍ ማወቅም አይከፋም፤ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር ግማሹ የዚያ ዘመን ነውና። ከከርነል 2.6.28 በፊት፣ ማለትም እስከ 2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ተራው ኤምዲ መሣሪያ ፓርቲሽን አይቀበልም ነበር። በፓርቲሽን የሚከፈል ሬይድ ከፈለጋችሁ «ኤምዲ_ዲ0» የሚባል ሌላ ዓይነት መሣሪያ መፍጠር ነበረባችሁ። ከ2.6.28 ወዲህ ማንኛውም ኤምዲ ይከፈላል። ኤምዲን ለረጅም ዓመታት የጠበቀው ኒል ብራውን እንኳ፣ ከርነሉ ሲነሳ ሰንጠረዡን ዳግም የሚያስነብበው መስመር ላይ ባኖረው ማስታወሻ፣ ይህ ለምን እንዳስፈለገ እርግጠኛ አለመሆኑን ጽፏል። እሱ እንዲህ ካለ እኛ ብንደናገር አይፈረድብንም።

አንደኛው መንገድ፦ ፓርቲሽን ከሥር፣ ሬይድ ከላይ

ሁለቱ ዲስኮች፣ ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ፣ አንድ ዓይነት ተደርገው ይከፈላሉ። የሁለቱ ሁለተኛ ፓርቲሽኖች ተጣምረው ኤምዲ0 ይሆናሉ፣ ሦስተኛዎቹ ኤምዲ1። በእያንዳንዱ ኤምዲ ላይ በቀጥታ የፋይል ሲስተም ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ከላይ ያወራነው ቀዳዳ ጨርሶ የለም። የፓርቲሽን ሰንጠረዡ ያለው ተራው ዲስክ ላይ ነው። ከርነሉ ገና ሲጀምር ያነበዋል። ማሽኑን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፈርምዌር (ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ) ደግሞ ሬይድ ስለሚባል ነገር ምንም ሳያውቅ የለመደውን ሰንጠረዥ ያገኛል። ከአገልግሎት ወደ አገልግሎት ሬይዱንም መቀያየር ትችላላችሁ፤ ስዋፑን (የሜሞሪ ተጠባባቂ ቦታውን) ለብቻ፣ ዳታውን ለብቻ።

ጉድለቱ ዲስክ ስትቀይሩ ነው። አዲሱ ዲስክ ላይ መጀመሪያ ሰንጠረዡን መገልበጥ አለባችሁ። ኤስኤፍዲስክ ከጤነኛው ዲስክ ሰንጠረዡን አውጥቶ አዲሱ ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ እያንዳንዱን ፓርቲሽን ወደየሬይዱ መጨመር ነው። ሦስት ሬይድ ካለ ሦስት ጊዜ። የሬይዶቹን ሁኔታ የሚያሳየውን ኤምዲስታትን ስታዩ አንዱ ሬይድ እየተቀዳ ሌላው «ዲሌይድ» ይላል። አትደንግጡ። ሁለቱ አንድ ዲስክ ስለሚጋሩ ከርነሉ ሆን ብሎ ተራ አስይዟቸው ነው።

በመጨረሻው ፓርቲሽን ጫፍ ላይ መቶ ሜጋባይት ያህል ባዶ መተው ልማድ ይሁንላችሁ። ከሌላ ፋብሪካ የመጣ «ያው 1 ቴራባይት» ዲስክ ከቀድሞው በጥቂት ሴክተር ሊያንስ ይችላል። አንዲት ሴክተር ብታንስ ሬይዱ አይቀበለውም። ደሴ ላይ ዲስክ ሲሞት ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያለውን ነው የምትገዙት፤ የምርት ዓይነት የማማረጥ ዕድል ሁልጊዜ አይኖርም።

ሁለተኛው መንገድ፦ ሙሉ ዲስክ ሬይድ፣ ፓርቲሽን ከላይ

ይህኛው መጀመሪያ ሲታይ ያምራል። ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ ሳይከፈሉ እንዳሉ ይጣመራሉ። አንድ ሬይድ፣ አንድ ሁኔታ የሚታይበት መስመር፣ አንድ ቅጂ። ዲስክ ሲሞት አዲሱን ሰክቶ በአንድ ትዕዛዝ መጨመር ነው። ሰንጠረዥ መገልበጥ የለም፤ ሰንጠረዡ ራሱ ሬይዱ ውስጥ ስላለ አብሮ ይቀዳል።

አሁን የሬይዱ መታወቂያ፣ ሱፐርብሎኩ፣ የት እንደሚቀመጥ እንይ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የዛሬው መደበኛ ዓይነት 1.2 ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ኤምዲአድም ካልተነገረው በቀር ይህን ነው የሚጽፈው። ቦታው ከዲስኩ መጀመሪያ 4 ኪሎባይት ገባ ብሎ ነው። ሴክተሩ 512 ባይት ከሆነ ሴክተር 8 ማለት ነው። ጂፒቲ የሚባለው የዛሬው የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ዓይነት ዝርዝሩን የሚጽፈው ከሴክተር 2 እስከ 33 ነው። አያችሁት? ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ሙሉ ዲስክ ላይ 1.2 ሬይድ ካለና የሆነ ፕሮግራም ወይም የማዘርቦርዱ ፈርምዌር «እዚህ ዲስክ ላይ ጂፒቲ ጠፍቷል፣ ልጠግነው» ብሎ ከጻፈ፣ የሬይዱ መታወቂያ ተደመሰሰ። ቀድሞ በጂፒቲ ተከፍሎ የነበረ ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው የጂፒቲ ቅጂ መጨረሻው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ ወደ ፊተኛው ቦታ ለመመለስ የሚሞክር ፈርምዌር አለ።

«እንግዲያው ሱፐርብሎኩን መጨረሻ ላይ ላድርገው» ትሉ ይሆናል። 1.0 እንደዚያ ነው፤ ከዲስኩ ጫፍ ከ8 ኪሎባይት በላይ፣ ከ12 ኪሎባይት በታች ገባ ብሎ ይቀመጣል። የጂፒቲ ሁለተኛ ቅጂም የዲስኩን የመጨረሻ 33 ሴክተሮች ይይዛል፤ 16 ኪሎባይት ተኩል መሆኑ ነው። ዳግመኛ ያው ወንበር።

በ1.0 ላይ ሌላም አለ። ሬይዱ ከዲስኩ መጀመሪያ ስለሚጀምር፣ በሬይዱ ላይ የጻፋችሁት ሰንጠረዥ በአባል ዲስኮቹም ላይ ይታያል። ከርነሉ ገና ሬይዱ ሳይገጣጠም ኤስዲኤ1ን እና ኤስዲቢ1ን ያያል። «የጂፒቲ ተጠባባቂ ቅጂ በዲስኩ ጫፍ ላይ አይደለም» ብሎም ያጉረመርማል። ሌላውን የፓርቲሽን ማረሚያ፣ ፓርትድን፣ ስትከፍቱ «ልጠግነው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። አዎ ካላችሁት የሚጽፈው ሱፐርብሎኩ ላይ ነው። እባካችሁ አዎ አትበሉት።

ከዚህ የባሰው ዩዩአይዲ፣ የፋይል ሲስተሙ መለያ ቁጥር፣ ነው። ኤምዲ0ፒ1 እና ኤስዲኤ1 አንድ የፋይል ሲስተም ስለሚያሳዩ ዩዩአይዲያቸው አንድ ነው። ሬይዱ ቢዘገይና ሲስተሙ በዩዩአይዲ ፈልጎ ኤስዲኤ1ን ቢያነሳ፣ ጽሑፉ ሁሉ ወደ አንድ ዲስክ ብቻ ይሄዳል። ነገ ሬይዱ ሲገጣጠም ሁለቱ ዲስኮች የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ ሬይዱ ግን አንድ እንደሆኑ ያምናል። የክሊኒክ መዝገብ ላይ ይህ ሲሆን ማሰብ ነው።

ሬይድ5 ወይም ሬይድ0 ከሆነ ደግሞ ሰንጠረዡ በመጀመሪያው ዲስክ ላይ ይነበብና የፓርቲሽኑ መጠን ከዲስኩ ይበልጣል። ከርነሉ ፓርቲሽኑ ከዲስኩ ጫፍ እንደሚያልፍ ይናገራል። ይህ ማስጠንቀቂያ ብዙ ሰው ዲስኩ የተበላሸ እንዲመስለው ያደርጋል።

ታዲያ ይህ መንገድ ለማን ነው? ሲስተሙ በሌላ ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ላለበት፣ አራትና አምስት ትልልቅ ዲስኮችን ለዳታ ብቻ ላጣመረ። ፎቶ ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የሠርግና የምርቃት ፋይል ማለቂያ የለውም። እዚያም ቢሆን በሬይዱ ላይ ፓርቲሽን ባትከፍቱ እመርጣለሁ። የፋይል ሲስተሙን ወይም ኤልቪኤሙን በቀጥታ በኤምዲ0 ላይ አድርጉ። የማይከፈል ነገር ፓርቲሽኑ አይጠፋም።

ሦስተኛው መንገድ፦ ኤልቪኤም በሬይድ ላይ

በየዲስኩ ለማስነሻ የሚሆን ትንሽ ፓርቲሽን፣ የቀረው ሁሉ አንድ ትልቅ ፓርቲሽን። ትልልቆቹ ተጣምረው ኤምዲ1 ይሆናሉ። በኤምዲ1 ላይ ኤልቪኤም ተቀምጦ ሩቱን (ሲስተሙ ራሱ ያለበትን)፣ ዳታውን፣ ስዋፑን ይከፍላል።

ኤልቪኤም የፓርቲሽን ሰንጠረዥ አይጠቀምም፤ የራሱን ምልክት ፈልጎ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ «ሰንጠረዡ ተነበበ ወይስ አልተነበበም» የሚል ጭንቀት የለም። ዳታው ሲሞላ ሲስተሙ እየሠራ ማስፋት ይቻላል። የአንደኛውን መንገድ ደኅንነት ከሁለተኛው ምቾት ጋር የሚያስታርቅ ይህ ነው። ለአዲስ ሥራ እኔ የምጭነውም ይህን ነው።

ዋጋው አንድ ተጨማሪ ንብርብር መሆኑ ነው። ችግር ሲመጣ ሬይዱን፣ ኤልቪኤሙን፣ የፋይል ሲስተሙን በየተራ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የሚረከበው ልጅ ኤልቪኤም ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ አንደኛውን መንገድ ምረጡ፤ አታስጨንቁት።

ቢቲአርኤፍኤስ እና ዜድኤፍኤስ የሚባሉት የፋይል ሲስተሞች ማጣመሩን ራሳቸው ይሠሩታል። ጥሩ ናቸው። ሆኖም ሌላ ዓለም ስለሆኑ እዚህ አልገባባቸውም።

ሬይዱን ማን ይገጣጥመው?

የፓርቲሽኑን ቦታ መርጣችሁ ገጣጣሚውን ካልመረጣችሁ ሥራው ግማሽ ነው። ሁለት ተወዳዳሪ አለ።

የድሮው ከርነሉ ራሱ የሚያደርገው ነው። የፓርቲሽን ዓይነቱ ኤፍዲ የሚል ኮድ ከተሰጠውና ሱፐርብሎኩ የድሮው ዓይነት፣ 0.90፣ ከሆነ፣ ከርነሉ ፈልጎ ይገጣጥማል። ኤምዲና የሬይዱ ሾፌር ግን እንደ ሞጁል ሳይሆን ከርነሉ ውስጥ የተሠሩ መሆን አለባቸው። የራሱ መነሻ ፕሮግራም ያለው ኢኒትራምኤፍኤስ ካለ ደግሞ ከርነሉ ይህን ደረጃ ዘሎ ያልፋል። ዛሬ ኡቡንቱም ደቢያንም የሚነሱት በኢኒትራምኤፍኤስ ነው። ስለዚህ ኤፍዲ የሚለውን ኮድ ሰጥቶ «ራሱ ያገኘዋል» ብሎ መተኛት አይሠራም።

ቢሠራም አልመክረውም። 0.90 የሬይዱን ቁጥር እዚያው ዲስኩ ላይ ጽፎ ይዞራል። የደሴው ቢሮ ኤምዲ0 አለው፣ የኮምቦልቻው ቅርንጫፍም ኤምዲ0 አለው እንበል። ፋይል ለመቅዳት ብላችሁ የደሴውን ዲስክ ወስዳችሁ የኮምቦልቻው ማሽን ላይ ብትሰኩት፣ ከርነሉ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ሁለት ኤምዲ0 ለአንድ ስም ይጋፋሉ። ከሁለቱ አንዱ ሩት ነው።

የዛሬው መንገድ ኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ ያለው ኤምዲአድም ነው። ሬይዱን በዩዩአይዲው ያውቀዋል፣ የማሽኑንም ስም ያመሳክራል። የእንግዳ ዲስክ ሬይድ ካየ ኤምዲ127 የሚል የዳር ስም ይሰጠዋል እንጂ የባለቤቱን ወንበር አይሰጠውም። ብዙ ሰው «ኤምዲ0 ነበር፣ ዛሬ ኤምዲ127 ሆነብኝ» የሚለው ከዚሁ ነው። የራሳችሁ ሬይድ እንዲህ ከሆነ የኤምዲአድም ማዋቀሪያ ፋይል ሬይዱን አያውቀውም፣ ወይም ፋይሉ ታርሞ ኢኒትራምኤፍኤሱ አልታደሰም ማለት ነው። የማዋቀሪያው ፋይል ላይ ሬይዱን በዩዩአይዲው ጻፉ፣ ከዚያ ኢኒትራምኤፍኤሱን አድሱ። በደቢያንና በኡቡንቱ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ ነው፣ በሬድ ሃት ወገን ድራከት። ሁለተኛውን እርምጃ መርሳት በጣም የተለመደ ነው። ሲስተሙ ሲነሳ የሚከፈቱት የፋይል ሲስተሞች በሚዘረዘሩበት በኤፍኤስታብ ላይም ኤምዲ0 ብላችሁ በስም አትጻፉ፤ ዩዩአይዲ ተጠቀሙ። በአንደኛውና በሦስተኛው መንገድ፣ በ1.2 ሱፐርብሎክ፣ ይህ ያለ ስጋት ይሠራል። አባል ፓርቲሽኑ የሬይድ አባል መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ፈርምዌሩና ግራብ

ዩኢኤፍአይ ላለው ማሽን በሁለቱም ዲስኮች ላይ ለየብቻ የዩኢኤፍአይ ማስነሻ ፓርቲሽን ፍጠሩ፤ ሁለቱንም ፋት በሚባለው የፋይል ሲስተም አዘጋጁ። 1.0 ተጠቅሞ ሁለቱን ሬይድ የማድረግ ዘዴ አለ። ይሠራል። ግን ፈርምዌሩ ራሱ አንዱ ላይ ብቻ ከጻፈ ሬይዱ ሳያውቅ ይለያያሉ። በባዮስ ለሚነሳ ግራብን፣ ሊኑክስን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ በሁለቱም ዲስኮች ላይ ጫኑ። ሰንጠረዡ ጂፒቲ ከሆነ ለግራብ 1 ሜጋባይት የሚሆን ፓርቲሽን ይፈልጋል። የዛሬው ግራብ 0.90ንም 1.2ንም ያነባል፤ ማስነሻውን በ0.90 ወይም በ1.0 ማድረግ ግዴታ የነበረው በድሮው ግራብ ዘመን ነው።

ፓርቲሽኖቹ ጠፍተው ብትደርሱ

መጀመሪያ ኤምዲስታትን እዩ። ሬይዱ «አክቲቭ» ካለ ተገጣጥሟል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ንባብ ነው። በብሎክዴቭ ወይም በፓርትፕሮብ ትዕዛዝ ሰንጠረዡን አስነብቡና መነሳቱን አስቀጥሉ። ሬይዱ ጨርሶ ካልተገጣጠመ በኤምዲአድም አሰምብል ስካን በሉት። ክሬት የሚለውን ትዕዛዝ ግን አትንኩ። በችኮላ የሚነካው እሱ ነው፤ አዲስ ሱፐርብሎክ ይጽፍባችኋል።

በድሮ ከርነሎች ላይ «ኤምዲ0፦ የማይታወቅ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ» የሚል መስመር ይወጣል። የፋይል ሲስተሙ በቀጥታ በኤምዲ0 ላይ ከሆነ ይህ ችግር አይደለም። ሰንጠረዥ ፈለገ፣ አላገኘም፣ ተናገረ።

አንዱ ዲስክ ከሞተ ደግሞ ማሽኑ ሲነሳ ይዘገያል። ሲስተምዲ በሚባለው ፕሮግራም በሚነሳ ሊኑክስ ላይ የጎደለው ዲስክ ይመጣ እንደሆነ 30 ሰከንድ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሬይዱ ባለው ዲስክ ይጀምራል። ለገንዘብ ተቀባይዋ ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉላት። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው ሰው ማጥፊያውን የሚጫነው። ሬይዱ ከ100 ጊጋባይት በላይ ከሆነ ኤምዲአድም ቢትማፕ (የትኛው ክፍል ሲጻፍ እንደነበር የሚያስታውስ መዝገብ) ራሱ ያደርግለታል። መብራት በድንገት ሲሄድ ሙሉው ዲስክ ሳይሆን በዚያ ሰዓት ሲጻፍ የነበረው ክፍል ብቻ ዳግም ይቀዳል። ለትንሽ ሬይድ በእጃችሁ ጨምሩት። ዩፒኤሱን ግን አይተካም።

ያገለገለ ዲስክ ስትገዙ ከመክተታችሁ በፊት በኤምዲአድም ኤግዛሚን ፈትሹ። የቀድሞ ባለቤቱ ሬይድ ምልክት ካለበት በዋይፕኤፍኤስ ትዕዛዝ አጽዱት። የጂፒቲውን ሁለተኛ ቅጂም አብሮ ያነሳዋል።

በ0.90 የሚሠራ የቆየ ሰርቨር ካላችሁ ማፍረስ አያስፈልግም። ሬይዱን አቁማችሁ በኤምዲአድም አሰምብል ላይ «አፕዴት ሜታዳታ» ብትጨምሩ ዳታው ሳይነካ ወደ 1.0 ይቀየራል። ቢትማፕ ካለው አስቀድማችሁ አንሱት፤ ቅየራው ከቢትማፕ ጋር አይሄድም። ሩቱ ያለበት ሬይድ ከሆነ ሥራውን ከፍላሽ በተነሳ ሊኑክስ አድርጉት። ከመውጣታችሁ በፊትም የማዋቀሪያውን ፋይል አርሙና ኢኒትራምኤፍኤሱን አድሱ።